የአሥራ አራት ሴኮንዱ ምርቃት

አባቴን አገሩ ሁሉ «እሳቸው» ይለዋል። እኔ «እሱ» እለዋለሁ። ልጁ በመሆኔ ያገኘሁት መብት ይኸው ብቻ ስለሆነ አልለቀውም።

ዳባት ዳር ባለችው ደብር የኔታ ነበር። ከወገራ፣ ከጃናሞራ፣ ከበየዳ ሳይቀር አኮፋዳ ያነገተ ተማሪ ይመጣለታል። የሰውን ልጅ ሁሉ ፊደል አስቆጥሮ፣ ዳዊት አስደግሞ፣ ለድቁና ሲያበቃ የበኩር ልጁን ግን ከብት ላይ አዋለው። የበኩር ልጁ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ሁሉም ከተማረ ከብቱን ማን ይጠብቀዋል?» አለኝ። መልስ የሚያውቅ የተማረ ነው።

ጧት ጧት ከብቱን ሳወጣ ተማሪዎቹ ከዛፉ ሥር ሲያነበንቡ በአጠገባቸው አልፋለሁ። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ካለ አባቴ አንዲት አነጋገር ነበረችው። «ተማሪ በጧት ነው የሚመጣ። ቀትር ላይ የሚመጣ እንግዳ ነው።» ከተማሪዎቹ ሁሉ ይልቅ ይችን ቃል የማውቃት እኔ ነኝ። ለእኔ ተብላ አታውቅማ።

ስጎረምስ ደባርቅ ገባሁና በቅሎ ያዝሁ። የፈረንጅ ድንኳንና ሻንጣ ጭኜ ተራራው ላይ ወዳለው ወደ ጨነቅ ስመላለስ ብዙ ዓመት ኖርሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ስትነጭ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ የሚቀርጽ ሰው አይቻለሁ። ምኑ ይቀረጻል እል ነበር። አንዱ ካሜራውን ወደ እኔ አዙሮ የራሴን በቅሎ፣ የራሴን ጀርባ፣ ገደሉን ስወርድ አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ እንዲያ አላልሁም። በሠላሳ አንድ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር አጣጥፌ ፊደል ቆጠርሁ። ማንበብ በቻልሁ በሁለተኛው ዓመት በቅሎዬን ሸጬ ከጎንደር ያገለገለች ቪዲዮ ካሜራ አመጣሁ። ቀጥሎ ኮምፒውተር። የቪዲዮ ማቀናበሪያውን ፕሮግራም በሲዲ ገልብጠው ሰጡኝ። እንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት ከዚያው ከስክሪኑ ላይ ነው። አስተማሪም አልነበረኝ፤ የነካሁት ሁሉ ሲበላሽ ያልተበላሸውን ያዝሁ።

ደባርቅ ከከፈትሁት የፎቶ ሱቄ ፊት ለፊት ከአስፋልቱ ማዶ ሌላ ፎቶ ቤት አለ። ባለቤቱ የአባቴ ተማሪ ነበር፤ ያውም የሚወደው ተማሪ። ድቁናውን ትቶ ካሜራ ያዘ። «አያ በቅሎ» እያለ ይጠራኛል። «እናንተ ቤት ፊደል ለውጭ ሰው ነው የሚታደለው» ብሎኝ ያውቃል፣ ሰው በተሰበሰበበት። ውሸት ስላልነበረ አልመታሁትም።

እህቴን በጥር ወር ዳርናት። የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሙሽራው የበየዳ ሰው ነው። ሰርጉን የምቀርጸው እኔ ነበርሁ። አባቴ ዳሱ ውስጥ ሊመርቅ ሲነሣ ከፊቱ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ፤ ካሜራዋ በማንገቻዋ አንገቴ ላይ ናት፣ በቀኜ ይዤ እቀርጻለሁ። መቋሚያውን ተደገፈ። እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ተወዛወዘ። ሃምሳ ዓመት ዜማ የቆመ ሰው ዝም ብሎም ይወዛወዛል። በጋቢው ጫፍ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ «እስቲ እጃችሁን ዘርጉ» አለ።

ዘረጋሁ።

ጥፋቱ ይኸው ነው። ተኩስ ሲሰማ ጎንበስ እንደሚል ወታደር፣ ሳላስብ ካሜራዬን ለቅቄ ሁለት መዳፌን ዘርግቼ አንገቴን ደፋሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሣ ዓይን ዓይኑን የሚያይ የለም። ካሜራዋ ግን ሥራዋን አላቆመችም። እንደ ከብት ቃጭል ደረቴ ላይ ተንጠልጥላ መሬቱን ስትቀርጽ ቆየች። ቤት ገብቼ ብከፍተው፣ የአባቴ ፊት አሥራ አራት ሴኮንድ አለ። ከዚያ በኋላ የተጎዘጎዘ ሣር፣ እግር፣ የእኔ ጫማ። ድምፁ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥርት ብሎ ገብቷል፤ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ።

ያችን ቦታ ቆርጬ ጭፈራውን ቀጠልሁበት። ቪዲዮው ዳባት ቤታችን ሲታይ አባቴ ጠየቀኝ።

«ምርቃቱስ?»

«ባትሪ አልቆ ነው።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ከሰማው ይበቃል» አለ።

ፊት ለፊት በመናገር የሚታወቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፍቼ ነው ያመለጠኝ ማለት አቃተኝ።

በኅዳር አባቴ ሞተ። እህቴ በየዳ ከወለደች ሳምንቷ ነበር። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ተደበቀባት። ልጇን ክርስትና ካስነሣች በኋላ ነገሯት። እንግዲህ ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ከብቱ ተከፋፍሎ አልቋል። በሚያዝያ ሕፃኗን አዝላ በጭነት አይሱዙ፣ በጨነቅ አድርጋ ደባርቅ ወረደች። ቤት ሳትገባ ቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች።

«ወንድምዓለም፣ ቀብሩን አላየሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ሳለቅስ ‹በቃሽ፣ ቆየ እኮ› ይሉኛል። ለናንተ ቆየ። ለእኔ ትናንት ነው የሞተው።»

ወንበሬን ለቀቅሁላት።

«የሰርጉ ሲዲ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እኛ አገር መብራት የለ፣ አንድ ቀን አላየሁትም። ለመንፈቁ ተዝካር ምርቃቱን አውጣልኝ። ሙሉውን። ያን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ነበር፣ ፊቱን አላየሁትም። ፊቱን እያየሁ፣ ድምፁን እየሰማሁ እርሜን ላውጣ።»

ያን ጊዜም እውነቱን መናገር እችል ነበር። «ለመንፈቁ ይደርሳል» አልኋት። አንድ ወር ቀርቶታል። በእጄ ያለው አሥራ አራት ሴኮንድ ፊትና ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ድምፅ ነው። ፊቱን እስከ ድምፁ መዘርጋት አለብኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው። አሥራ አራቷን ሴኮንድ አሥራ አራት ጊዜ ቀጣጥዬ ደረደርኋት። ርዝመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ተደስቼ ከፈትሁት። አባቴ ይወዛወዛል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፤ ዘሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይወዛወዛል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል። በዚህ መሀል ያ ከማዶ ያለው ሰው ብጣሽ ገመድ ሊዋስ ገብቶ ኖሯል።

«የኔታን ምነው ጉንፋን አስያዝሃቸው?»

«ምን ፈለግህ?»

«አይ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ቢጠርጉት ቆዳው ይላጣል ብዬ ነው፣ አያ በቅሎ።»

ገመዱን ሰጠሁት። በር ላይ ሲደርስ ዞረና፣ ቀልዱን ትቶ፣ «ፎቶ አድርገህ አቁማቸውና ድምፁን ልቀቅበት። ሰው የሚፈልገው ድምፃቸውን ነው» አለኝ።

ምክሩ ከእሱ መምጣቱ አስጠላኝ እንጂ ምክሩስ ምክር ነበር። ሞከርሁት። እህቴ ካረፈችበት ከዳባት ለገበያ ደባርቅ ስትወጣ አሳየኋት። ለጥቂት ጊዜ አየችና ሕፃኗን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዞረች።

«ይኼ መቃብሩ ላይ ያለው ፎቶ ነው።»

«ድምፁ አለ እኮ።»

«አይተነፍስም» አለች።

ልክ ነበረች። ደመሰስሁት። አፍንጫውን የሚጠርግባትንም ሦስት ሴኮንድ ቆርጬ ጣልሁ፤ ለጥቂት እንጀራ የተቸገረ ሰው የሻገተውን ሲጥል እንደሚሰማው ተሰማኝ። አሥራ አንድ ሴኮንድ ቀረኝ።

ከዚያ ማዘግየት የሚባለውን ፈለግሁ። «ስሎው» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ገጣጥሜ አገኘሁት። ነካሁት። አባቴ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጮኽ ጅብ «እእእስስስቲቲ» አለ። አማተብሁ። ሁለት ቀን ያንን ነገር ሳልነካ ቆየሁ። መብራትም ጠፍቶ ነበር፣ ምክንያት ሆነኝ። ሲመለስ ድምፁን ከሥዕሉ መለየት እንደሚቻል አገኘሁ። ድምፁ በራሱ ፍጥነት ይሂድ፤ ሥዕሉ ብቻ ይዘግይ። በግማሽ ሳዘገየው አማረበት፤ ሽማግሌ መዘግየት ያምርበታል። ከዚያ በላይ ሳዘገየው እየተንገጫገጨ መጣ። ስለዚህ በግማሹ ቆምሁ። ሃያ ሁለት ሴኮንድ።

የከንፈሩ ነገር አሳስቦኝ ነበር። ካሜራዋ የያዘችው ምርቃቱን ገና ሳይጀምር ነውና ከንፈሩ አይናገርም። ግን የአባቴ ጢም ከንፈሩን ውጦታል። ተማሪዎቹ እየተናገረ ይሁን ዝም ብሎ ሳይለዩ አለንጋ ይቀምሱ ነበር። ለአንድ ቀን ጢሙን አመሰገንሁት።

ወደ ኋላ ማስኬድ እንዳለ ያወቅሁት በስሕተት ነው፤ ሌላ ልነካ ያንን ነክቼ። ከፍቼ አየሁት። አባቴ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ። ምንም አልታየኝም። ደግሜ አየሁት። ሥዕሉ ከኋላ ወደ ፊት እየሄደ ነው፤ እሱ ግን አያስታውቅበትም። በቅሎ ወደ ኋላ ስታስኬዳት ያስታውቅባታል፤ ጆሮዋን ትጥላለች፣ እግሯ ይደናገራል። ጨፋሪም ያስታውቅበታል። አባቴ ግን ሃምሳ ዓመት ከማኅሌት ያመጣው ውዝዋዜ ሲሄድም ሲመለስም አንድ ነው። ፊተኛውን ከኋለኛው ብቀጥለው ስፌት የለውም። እንደ መቋሚያው ቀጥ ያለ፣ እንደ ዜማው የሚመላለስ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ። አርባ አራት ሴኮንድ።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ሳቅሁ። ብቻዬን።

አርባ አራት ግን የድምፁን ሁለት መቶ ሴኮንድ አይሞላም። ውዝዋዜውን ብደጋግመው ሰው በሦስተኛው ይነቃብኛል። ስለዚህ ሥዕሉን ትቼ ድምፁን መስማት ጀመርሁ፣ ከጧት እስከ ማታ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ።

«ውለጂ፣ ክበጂ።» አሜን። «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ።» አሜን። «የወጣው ይግባ፣ የገባው ይደር።» አሜን። «እህሉ ከጎተራ፣ ወተቱ ከጓዳ አይጥፋ።» አሜን።

አሜኑን ቆጠርሁት፤ ሃያ ሦስት ነው። ዳሱ በሙሉ በአንድ አፍ ነው የሚለው፤ አባቴም አሜኑ እስኪያልቅ ይቆማል። የምርቃቱ እኩሌታ የአባቴ አይደለም፤ የሕዝቡ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው እሱን ብቻ የምዘረጋው? በአሜኑ ጊዜ አሜን የሚለውን ላሳይ።

እዚያው ሰርግ ላይ ቄሱ ማዕዱን ሲባርኩ በርሜል ላይ ቆሜ ሕዝቡን ቀርጬ ነበር፤ ራቅ ብዬ ስለቆምሁ ይሆናል ያን ጊዜ ያልዘረጋሁት። መዳፋቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። አንዱን ሽማግሌ፣ አንዷን እናት፣ ሙሽራውን፣ እያነሣሁ በየአሜኑ አስገባሁ። ከእነሱ ወደ አባቴ ስመለስ ያው ውዝዋዜ ነው፤ ግን ዓይን ዘወር ብሎ ሲመለስ ያንኑ እንደ አዲስ ይቀበለዋል። ይኼን ማንም አልነገረኝም። አሥሬ እየወጣሁ አስፋልቱን አይቼ እየተመለስሁ በራሴ ዓይን ፈተንሁት።

መሬቱንም አልጣልሁትም። ሣሩ መሀል የአባቴ ኮንጎ ጫማ አለ። የእህቴ እጅ መጥቶ ጉልበቱን ሲይዝ፣ የነጭ ቀሚሷ ጫፍ ሣሩ ላይ ሲወድቅ ካሜራዋ ተንጠልጥላ አይታለች። እያየሁ ብቀርጽ ኖሮ እኔ ፊት ፊቱን ስከተል ይኼ ያመልጠኝ ነበር።

መጨረሻው ላይ የቀረችው አንዲት ቦታ ናት። አባቴ ሁሉንም መርቆ ሲያበቃ እንዲህ ይላል፦

«ይችን መሣሪያ ይዞ የቆመውንም ልጄን እኔ አላስተማርሁትም። እኔ የነፈግሁትን እግዚአብሔር ሰጠው። ዓይኑን ይባርክለት፣ እጁን ይባርክለት። እኔንም ይቅር ይበለኝ።»

ሰርጉ ቀን ሰምቼዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ ሰምቼ፣ ቀና ስል ምንም እንዳልተባለ ሆኛለሁ። አሁን ልቆርጠው ማውሱን አስጠጋሁ። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ፣ ያውም በሰው ሰርግ፣ በሰው ፊት፤ ለብቻዬ ጠርቶ ቢለኝ ምን ነበረበት? ብዬ ተናደድሁ። አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ። ግን እህቴ «ሙሉውን» ብላለች። ተውሁት። ለዚያች ቦታ ሥዕል መዘርጋት አላስፈለገኝም። ካሜራዋ ራሷ ይዛዋለች። ሣር ላይ የቆመ የእኔ አንድ ጥንድ ጫማ ነው።

መንፈቁ በግንቦት ዳባት ተበላ። ቴሌቪዥኑን ከደባርቅ በሚኒባስ ጭኜ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ወሰድሁት። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ከተስተናገዱ በኋላ ዳሱ መሀል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። አንድ አረጋዊ ቄስ አላማራቸውም።

«ልጄ፣ ነፍስ ይማር ከተባለ በኋላ ሰውየውን በሣጥን ማምጣት ምን ይባላል?»

«አባቴ፣ እህቴ ቀብር አልደረሰችም። ለእሷ ነው።»

ወደ እህቴ ተመለከቱ። ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። «እንግዲያስ ይሁን» ብለው እሳቸውም ቁጭ አሉ። ከማዶ ያለው ሰው መጥቶ ነበር፤ የአባቴ ተማሪ አይደል፣ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ እንደ ኬላ ቀራጭ ስክሪኑ ላይ ነው። ስፌቴን ሊፈልግ እንደቆመ ገብቶኛል።

ለቀቅሁት። አባቴ መቋሚያውን ተደግፎ ተወዛወዘ። «እስቲ እጃችሁን ዘርጉ» አለ።

ዳሱ በሙሉ እጁን ዘረጋ። አንገቱን ደፋ።

አንድ ወር ሙሉ የደከምሁበትን ሥዕል ማንም አላየው። ሽማግሌዎቹ፣ እናቶቹ፣ እኒያ ያላማራቸው ቄስ ሳይቀሩ መሬት መሬት እያዩ «አሜን» ይላሉ። መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ቀና በሉ፣ ለምን መሰላችሁ የሠራሁት ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ገባኝ። ለቴሌቪዥን አንገቱን የሚደፋ የለም። አባቴ ቆሞ ስለመረቃቸው ነው የደፉት። እኔን ያሳተኝ እነሱንም አሳታቸው። አሥራ አንድ ሴኮንድ ይዤ የሞተ ሰው አስነሥቼ፣ አንድ ዳስ ሕዝብ እጁን አስዘርግቻለሁ። እንደዚያ ቀን ቁመቴ ረዝሞ አያውቅም።

ቀና ብላ የምታየው እህቴ ብቻ ናት። ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። አሜን ሲባል እሷ አትልም፣ ታያለች። ጉልበቱን የያዘው እጇ ሲመጣ የገዛ እጇን አገላብጣ አየች። ከዚያ ጮኸች። የኅዳር ለቅሶዋን፣ በየዳ የደበቋትን፣ «በቃሽ» ያሏትን ሁሉ ያን ጊዜ አወጣችው። ማንም በቃሽ አላላትም። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ፣ እንደ አዲስ።

«እኔ አላስተማርሁትም» ሲል ጫማዬ ስክሪኑን ሞላው። ዳሱ «አሜን» አለ። እኔም ያን ጊዜ ነው መዳፌ ተዘርግቶ ያገኘሁት።

ሲያበቃ እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ሕፃኗን ከጎረቤት ተቀብላ «ለእሷም ልቀቅላት፣ አያቷ ነው» አለችኝ። ድጋሚ ለቀቅሁት። በሁለተኛው ዙር ሰው ቀና ብሎ አየ። ማንም «ይኼ ተደግሟል» አላለም።

ሰው ሲበተን ያ ሰው ቴሌቪዥኑን በጋቢ ስጠቀልል አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ጋቢውን በአንድ ወገን ያዘልኝ።

«ስንት ሴኮንድ ነበረህ?»

«አሥራ አንድ።»

ልቡ እንደሚቆጥር ያስታውቅበታል።

«ስፌቱን አጣሁት» አለ። «ሁለት ጊዜ አይቼ አጣሁት።»

«አዎ።»

«ሰኞ ሱቅህ ብመጣ ታሳየኛለህ?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ሃያ ዓመት ያጠራቀምሁት ስድብ ነበረኝ፤ ጉንፋኑም ነበረ፣ አያ በቅሎውም ነበረ። ጋቢውን ከእጁ ተቀብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ቋጠርሁት።

«በጧት ና» አልሁት። «ተማሪ በጧት ነው የሚመጣ።»

ቃሏ ከማን እንደመጣች ያውቃል፤ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሰኞ ሱቄን ልከፍት ስደርስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።